መቅዳትና መገልበጥ፤ ሩበንስ በቲሲያን «ኤውሮፓ» ፊት

በሥነ ሥዕል ትምህርት ዙሪያ ከሚነሡት ክርክሮች መካከል ሳይቋጭ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ አንድ አለ። ይኸውም ተማሪው የታላላቅ ሠዓልያንን ሥራ እየቀዳ ይማር ወይስ ከመጀመሪያው ዕለት አንሥቶ በራሱ ዓይንና በራሱ እጅ ብቻ ይመራ የሚለው ነው። ቅጂን የሚነቅፉት ወገኖች መቅዳት የተማሪውን የፈጠራ ኃይል ያደርቃል፣ እጁን ቢያሠለጥንም ልቡን ያሰንፋል ይላሉ። ቅጂን የሚደግፉት ደግሞ ፊደል ሳይቆጥር ድርሰት የሚጽፍ እንደሌለ ሁሉ የቀደሙትን ሳይቀዳ ሠዓሊ የሚሆን የለም ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም «ቅጂ» የሚለውን ቃል እንደ አንድ ነገር ብቻ ስለሚወስዱት ክርክሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ኖሯል።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ግሦች አሉት። አንደኛው «ገለበጠ» ነው። አንድን ጽሑፍ ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ሰው ገለበጠ ይባላል፤ ያው ግሥ ግን ድስት ለደፋና እንጀራ ከነመሶቡ ላፈሰሰም ያገለግላል። ሁለተኛው «ቀዳ» ነው። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጠላ ከጋን ይቀዳል፤ ቃልም ከመጽሐፍ ይቀዳል። ውኃ የሚቀዳ ሰው ምንጩን አያጎድለውም፤ የቀዳው ውኃም የእንስራውን ቅርጽ ይይዛል። ለመቅዳት ግን አስቀድሞ እንስራ ያስፈልጋል። እንስራ የሌለው ሰው ከምንጩ ዳር ቆሞ እጁን አርሶ ይመለሳል።

በሥዕል ሥራ ውስጥ በእነዚህ በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ልዩነት በቃላት ክርክር ብቻ አይፈታም፤ በሸራ ላይ መታየት ይኖርበታል። ለዚህም ከሥዕል ታሪክ ውስጥ አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። ፍላንድራዊው ሠዓሊ ፔተር ፓውል ሩበንስ በ1628 እና በ1629 ዓ.ም. ማድሪድ ተቀምጦ የቬኒሱን ሠዓሊ የቲሲያንን «የኤውሮፓ ጠለፋ» በዘይት ቀለም ቀድቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋናው ሥዕልም ሆነ ቅጂው ዛሬ ድረስ አሉ። ስለዚህ ታላቅ ሠዓሊ በታላቅ ሠዓሊ ፊት ተማሪ ሆኖ ሲቀመጥ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ በዓይን አይቶ መፍረድ ይቻላል።

ቅኔው

ቲሲያን ይህን ሥዕል የሠራው ከ1559 እስከ 1562 ባለው ጊዜ ሲሆን ዕድሜው በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት ገደማ ነበር። ሥዕሉ ለስፔኑ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊሊፕ ከሠራቸው ስድስት ታላላቅ የአፈ ታሪክ ሥዕሎች የመጨረሻው ነው። ሠዓሊው ለንጉሡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች እነዚህን ሥራዎች በጣልያንኛ «ፖኤዚዬ» ማለትም ግጥሞች ብሎ ይጠራቸው ነበር። ስያሜው ለጌጥ የተነገረ አይደለም። ባለቅኔ በቃል የሚያደርገውን እርሱ በቀለም ለማድረግ መነሣቱን የሚገልጽ የሥራ መርሕ ነው።

የታሪኩ ምንጭ የሮማዊው ባለቅኔ የኦቪድ «ሜታሞርፎሲስ» የተባለው ድርሰት ነው። የአማልክት አለቃ ዩፒተር የፊንቄን ንጉሥ ልጅ ኤውሮፓን አይቶ ይመኛታል። በነጭ ኮርማ ተመስሎ ከጓደኞችዋ ጋር በባሕር ዳር ወደምትጫወትበት ቦታ ይመጣል። ኮርማው የዋህ መስሎ ይቀርባታል፤ ልጅቱም ፍርሃቷ ቀስ በቀስ ጠፍቶ ቀንዶቹን በአበባ ታስጌጣለች፤ በመጨረሻም ጀርባው ላይ ትቀመጣለች። በዚያች ቅጽበት ኮርማው ወደ ውኃው ገብቶ ወደ ቀርጤስ ይዟት ይጓዛል።

ቲሲያን ከዚህ ታሪክ የመረጠው የማታለያውን ሰዓት ሳይሆን መመለስ የማይቻልበትን ሰዓት ነው። 178 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመትና 205 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ባለው ሸራ ላይ ኮርማውና ልጅቱ በቀኝ በኩል ወደ ጠርዙ ተገፍተዋል። ትንሽ ቆይተው ከሥዕሉ የሚወጡ ይመስላሉ። ልጅቱ በኮርማው ጀርባ ላይ ተንጋልላ በአንድ እጇ ቀንዱን ይዛለች፤ በሌላው እጇ ቀይ ጨርቅ ታውለበልባለች። ክንፍ ያላቸው የፍቅር ሕፃናት በሰማይ ላይ ይበርራሉ፤ አንዱ ደግሞ ዓሣ ጋልቦ ከኋላ ይከተላል። ከታች ቅርፊቱ የሚያብለጨልጭ የባሕር አውሬ ይታያል። በግራ በኩል በሩቁ የባሕር ዳርቻ የቀሩት ጓደኞችዋ የጣት ጥፍር አክለው ይታያሉ፤ ከእነርሱም ባሻገር ሰማያዊና ጽጌረዳማ ጉም የሸፈናቸው ተራሮች አሉ።

ለተማሪ ይህን ያህል አስቸጋሪ ሥራ ማግኘት ያዳግታል። የኮርማው ቆዳ ነጭ ነው፤ የልጅቱ ቀሚስ ነጭ ነው፤ የባሕሩም አረፋ ነጭ ነው። ሦስቱ ነጮች ግን አንዱ ሞቃት፣ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ናቸው። ቅርቡ ጥርት ብሎ ሩቁ ይቀልጣል። የኮርማው ዓይን ተመልካቹን ያያል፤ የልጅቱ ፊት ግን በተነሣው ክንዷ ጥላ ተሸፍኗል። ቀለምን፣ ቅርጽን፣ እንቅስቃሴንና ስሜትን ለየብቻ የተማረ ሰው እዚህ ሲደርስ አራቱም በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

እንግዳው ተማሪ

ሩበንስ በመስከረም ወር 1628 ማድሪድ ሲደርስ ሥዕል ሊማር አልመጣም ነበር። የስፔን ኔዘርላንድስ ገዥ የነበረችው ልዕልት ኢሳቤላ በስፔንና በእንግሊዝ መካከል ሰላም እንዲወርድ ለማስማማት በመልእክተኛነት ልካዋለች። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ዓመት ነበር። በአንትወርፕ ብዙ ረዳቶች የሚሠሩበት ታላቅ የሥዕል ቤት ነበረው፤ ለፈረንሳይዋ ንግሥት እናት ለማሪ ደ ሜዲቺ የሠራቸው ሃያ አራት ግዙፍ ሥዕሎች ከተጠናቀቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በአውሮፓ ነገሥታት ዘንድ ስሙን የማያውቅ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው በንጉሡ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሸራ ዘርግቶ በቲሲያን ሥራዎች ፊት የተቀመጠው። የቬላስኬዝ አማት የነበረው የሥዕል መምህርና ጸሐፊ ፍራንሲስኮ ፓቼኮ እንደመዘገበው ሩበንስ በዚያ በቆየባቸው ወራት ንጉሡ የነበሩትን የቲሲያን ሥራዎች ቀድቷል። በሚያዝያ 1629 ማድሪድን ለቅቆ ሲሄድም ቅጂዎቹን ይዞ ሄደ። ለገበያ አላወጣቸውም። በ1640 እስከ ሞተ ድረስ ከእርሱ ዘንድ ኖሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እጁ የሠለጠነ፣ ስሙ የገነነ፣ ኑሮው የተሟላለት ሰው ለምን ይቀዳል? ሥራን ለማባዛት ቢሆን ረዳቶች ነበሩት። ዝናን ለማግኘት ቢሆን የሌላውን ሥራ መቅዳት ዝናን አይጨምርለትም። ለማስታወሻ ብቻ ቢሆን በጠመኔ ጥቂት መስመር ጥሎ መሄድ ይችል ነበር። ሁለት ሜትር የሚያህል ሸራ በዘይት ቀለም ከዳር እስከ ዳር መሸፈን ሌላ ነገርን ይጠይቃል። ሩበንስ የፈለገው ሥዕሉ ምን እንደሚመስል ማወቅ አልነበረም፤ ያንን በዓይኑ አይቶታል። የፈለገው ሥዕሉ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ ዓይን ብቻውን አይነግርም፤ እጅ ነው የሚነግረው።

የንብርብሩ ሥርዓት

የዘይት ቀለም ሥዕል ለተመልካቹ የሚያሳየው የመጨረሻዋን የሥራ ዕለት ነው። ከላይ የሚታየው ብርሃን መጨረሻ ላይ የተቀባ ነው፤ ለዚያ ብርሃን ኃይል የሰጠው ግን ከሥር የተደበቀው ነው። ልምድ የሌለው ቀጂ በዚህ ይሳሳታል። የልጅቱን ጉንጭ ቀይ አይቶ ቀይ ቀለም ያነሣል፤ የባሕሩን አረንጓዴ አይቶ አረንጓዴ ይበጠብጣል። በመጨረሻዋ ዕለት ይጀምርና በመጨረሻዋ ዕለት ይጨርሳል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ዋናውን ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን እንደ ቀለም እንደተቀባ ጣውላ ደረቅ ነው። ይህ ሰው ገልብጧል እንጂ አልቀዳም።

የሚቀዳ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል። የመጨረሻዋን ዕለት እያየ የመጀመሪያዋን ዕለት ይፈልጋል። ጥላው ከሥር ምን ነበረ? ነጩ የተቀባው በምን ላይ ነው? ቀዩ ከነጩ ጋር ተበጥብጦ ነው ወይስ ነጩ ከደረቀ በኋላ በስሱ ከላዩ ተደርቦ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የዘይት ቀለምን ባሕርይ ከማወቅ ጋር የተያያዙ ናቸው። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ በመትነን አይደርቅም፤ ከአየር ውስጥ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ስለዚህ ከሥር ያለው ንብርብር ዘይት የበዛበት፣ ከላይ ያለው ዘይት ያነሰበት ከሆነ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ከሥር ዘይት ያነሰው፣ ከላይ ዘይት የበዛው ይሁን የሚለው የሠዓልያን ሕግ የመጣው ከዚህ ነው። ብርሃን አሳላፊ የሆነ ስስ ቀይ በደረቀ ነጭ ላይ ሲደረብ ብርሃን በቀዩ አልፎ ነጩን መትቶ ይመለሳል፤ የሰውን ቆዳ ሕይወት ያለው የሚያስመስለውም ይኸው መመለስ ነው። ሁለቱን በአንድ ገበታ ላይ ቢበጠብጧቸው የሚገኘው ቀለም ምናልባት ያው ይመስል ይሆናል፤ ብርሃኑ ግን የለም።

የቲሲያን አሠራር ይህን ሥርዓት እስከ ጫፍ የወሰደ ነበር። በስተርጅናው አብሮት የነበረው ታናሹ ፓልማ የተናገረው በኋላ በማርኮ ቦስኪኒ ተጽፎ ቆይቷል። በዚያ መሠረት ቲሲያን በመጀመሪያ ሰፋፊ የቀለም መደቦችን ጥሎ ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለወራት ይተወዋል። ከዚያ እንደገና አውጥቶ ጠላቱን እንደሚመረምር ሰው ስሕተቱን እየፈለገ ያየዋል፤ ያርመዋል፤ እንደገና ይተወዋል። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብም ከብሩሽ ይልቅ በጣቶቹ ይሠራ ነበር።

ይህን የሚያህል ጊዜ በንብርብር ውስጥ ያለበትን ሥራ ሩበንስ በጥቂት ወራት፣ ያውም ከብዙ ሌሎች ሥራዎችና ከመልእክተኛነት ተግባሩ ጋር መቅዳት ነበረበት። የራሱ እጅ ደግሞ በሌላ ልማድ ያደገ ነው። በፍላንደርስ የሠለጠነ ሠዓሊ ለስላሳ ነጭ መሠረት ባለው ጣውላ ላይ ጥላውን ስስና ብርሃን አሳላፊ፣ ብርሃኑን ወፍራም አድርጎ በፍጥነት መሥራት ይችላል። ቲሲያን ግን የሸራው ድር እየታየ ቀለሙን ይጎትትበታል፤ ብሩሹ የነካውን ይነካል፤ የዘለለውን ይተወዋል። ስለዚህ ሩበንስ አንድን ሥዕል ሲቀዳ በእውነቱ አንድን የእጅ ቋንቋ ወደ ሌላ የእጅ ቋንቋ እየመለሰ ነበር። ግጥም የተረጎመ ሁሉ የዚህን ሥራ ክብደት ያውቀዋል።

ልዩነቱ የት ነው?

ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲመረመሩ ቅጂው በአቀማመጥ እጅግ ታማኝ ነው። ኮርማው በቦታው፣ ልጅቱ በቦታዋ፣ ሕፃናቱም በየቦታቸው ናቸው። የሸራው መጠን እንኳ ከዋናው ጋር ተቀራራቢ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን አንድ እጅ ሠራቸው የሚል ተመልካች አይገኝም። በቲሲያን ሥራ የልጅቱ ክንድ የት አብቅቶ አየሩ የት እንደሚጀምር መናገር ያስቸግራል፤ በሩበንስ ሥራ ወሰኑ ጥርት ያለ ነው። በቲሲያን ሥራ ገላው ከብርሃኑና ከእርጥበቱ ጋር ተዋሕዷል፤ በሩበንስ ሥራ ገላው ክብደትና ሙላት አለው። በቲሲያን ሥራ ሩቁ ወደ ጉም ይቀልጣል፤ በሩበንስ ሥራ ሩቁም ቢሆን የተረጋገጠ ነው።

ከዚህ ላይ የሩበንስ ቅጂ ጉድለት እንዳለበት በግልጽ መነገር አለበት። ቲሲያን ፊቷን በጥላ ሲሸፍን ለተመልካቹ ጥያቄ ትቶለታል። ልጅቱ ትጮኻለች ወይስ ትገረማለች? ቀዩ ጨርቅ የድረሱልኝ ምልክት ነው ወይስ ነፋስ ያነሣው? ቅርጹ ሲጠራ ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ጥርጣሬው ሲቀንስም ሥዕሉ ድንቅ ትዕይንት ሆኖ ይቀራል። ሩበንስ የቲሲያንን ቀለም ቀድቷል፤ የቲሲያንን ዝምታ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀዳውም።

ጉዳዩ የእጅ ብቻ እንዳልሆነ የሚታየው እዚህ ነው። የሥዕሉ ስም «ጠለፋ» ነው። ይህ ቃል ለአማርኛ አንባቢ ከሩቅ አፈ ታሪክ የመጣ እንግዳ አይደለም። ልጃቸው ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ያልተመለሰችላቸው ወላጆች የሚያውቁት፣ ለቅሶና ሽምግልና የተከተለው ቃል ነው። ቲሲያን ሥዕሉን የሠራው ለንጉሥ ደስታ መሆኑ አይካድም፤ አምላክ የፈለጋትን ልጅ መውሰዱን የሚያሞግስ አድርጎ ያየው ባለሥልጣንም አይጠፋም። ሆኖም ሠዓሊው በዚያው ሸራ ላይ በሩቁ ዳርቻ የሚጮኹትን ትንንሽ ሰዎች አስቀምጧል፤ የልጅቱንም አቀማመጥ ምቾት የሌለው፣ ሊወድቅ የተቃረበ አድርጎታል። ቀጂው እነዚህን ምልክቶች ሳያነብ ብሩሹን ቢያነሣ የሚቀዳው የንጉሡን ደስታ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የነገሥታትን ሥዕል መቅዳት ለነገሥታቱ መገዛት ነው የሚለው ነቀፌታ የሚሠራው በገልባጩ ላይ ነው። አንብቦ የሚቀዳ ሰው በሥዕሉ ውስጥ የተቀበረውን ክርክር ያወጣዋል።

ሩበንስ ራሱ ለመስማማትም ለመቃወምም ነጻ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አለ። በዚያው ቆይታው የቲሲያንን «አዳምና ሔዋን» ቀድቷል፤ ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ በማድሪዱ የፕራዶ ሙዚየም ይገኛሉ። በዚህኛው ቅጂ የአዳምን አቀማመጥ ለውጦ ጡንቻውን አጠንክሮታል፤ በዋናው ላይ ያልነበረ በቀቀንም ጨምሮበታል። የተስማማበትን ተቀብሏል፤ ያልተስማማበትን አርሟል። ቅጂ በእንዲህ ያለ እጅ ሲያዝ ሒስ ይሆናል፤ ቃሉ ቀለም የሆነ ሒስ።

ፍሬውም ወዲያው ታይቷል። ከማድሪድ ከተመለሰ በኋላ በ1630ዎቹ በሠራቸው ሥራዎች፣ ለምሳሌ «ሦስቱ ጸጋዎች» በተባለው ሥዕሉ፣ የሩበንስ ብሩሽ ለስልሷል፤ ወሰኑ ላልቷል፤ ገላው ከአየሩ ጋር መነጋገር ጀምሯል። በቅጂው ላይ ያቃተው በራሱ ሥራ ላይ ተሳካለት። የቅጂ ትምህርት ውጤት የሚለካውም በቅጂው ላይ ሳይሆን ከቅጂው በኋላ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

አስተማሪ የለኝም ያለችው ሸማኔ

ሩበንስ በማድሪድ ሲቀዳ አጠገቡ አንድ ወጣት ነበረ። የንጉሡ ሠዓሊ ዲዬጎ ቬላስኬዝ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ። ፓቼኮ እንደጻፈው ሩበንስ በማድሪድ ከሠዓልያን ጋር ብዙም አልተገናኘም፤ ከቬላስኬዝ ጋር ግን ወዳጅ ሆኖ ሥዕሎችን ለማየት አብረው ወደ ኤስኮሪያል ሄደዋል። ሩበንስ በሄደ በጥቂት ወራት ውስጥ ቬላስኬዝ የመጀመሪያውን የጣልያን ጉዞ ጀመረ።

ወጣቱ ከዚያ ምን እንደቀዳ የታወቀው ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ቬላስኬዝ ከ1655 እስከ 1660 ባለው ጊዜ ውስጥ «ፈታዮቹ» በሚል ስም የታወቀውን ሥዕል ሠራ። ከፊት ሴቶች ይፈትላሉ፤ የመፍተያው መንኮራኩር በፍጥነት ሲዞር ጨረሮቹ አይታዩም። ይህ ሥዕል እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት ድረስ የሽመና ቤት ሠራተኞች ሥዕል ተደርጎ ይታይ ነበር። ሠራተኞቹ በእርግጥ አሉ፤ ላባቸውና ድካማቸውም እውነት ነው። ነገር ግን በስተጀርባ፣ ብርሃን በሞላበት ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሽመና ሥዕል አለ። በእርሱም ላይ የሚታየው የቲሲያን «ኤውሮፓ» ነው።

ምሥጢሩ ከኦቪድ ድርሰት ይፈታል። አራክኔ የምትባል ወጣት ሸማኔ በጥበቧ የታወቀች ነበረች። ሰዎች ይህን ሙያ ያስተማረቻት ሚኔርቫ የተባለችው አምላክ ናት ሲሉ እርሷ ትቆጣለች፤ አስተማሪ የለኝም ትላለች። ሁለቱ በሽመና ይወዳደራሉ። አራክኔ አማልክት በማታለል የፈጸሟቸውን ጠለፋዎች ትሸምናለች፤ ከእነርሱም የመጀመሪያው የኤውሮፓ ነው። ሥራዋ እንከን አልተገኘበትም፤ ሚኔርቫ ግን ተቆጥታ ሥራውን ትቀድደዋለች፤ ልጅቱንም ወደ ሸረሪትነት ትለውጣታለች።

ቬላስኬዝ በአራክኔ ሽመና ላይ የትኛውንም ኤውሮፓ ሊሥል ይችል ነበር። የመረጠው የቲሲያንን ነው። በዚያን ጊዜ የቲሲያን ዋና ሥዕል በንጉሡ ዘንድ ነበር፤ የሩበንስም ቅጂ ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ከውርሱ ላይ በአራተኛው ፊሊፕ ተገዝቶ ማድሪድ ገብቶ ነበር። ከየትኛው እንደቀዳው ከዚያ ትንሽ የቀለም ነጠብጣብ መለየት አይቻልም፤ ምናልባትም መለየቱ አያስፈልግም። አስተማሪ የለኝም ባለች ተማሪ ታሪክ እምብርት ውስጥ ቬላስኬዝ የአስተማሪዎቹን ሥራ ሰቀለ። አራክኔ የካደችውን እርሱ አመነ። አገላለጹ ግን ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው፤ የቲሲያን ሁለት ሜትር ሸራ እዚያ በጥቂት የብሩሽ ምት ብቻ ብርሃን ሆኖ ይንሳፈፋል። ከሦስቱ ሠዓልያን መካከል ከሁሉም ያነሰ መስመር የቀዳው ከሁሉም የበለጠ ተምሯል ማለት ይቻላል።

ታሪክ በዚህ ላይ የራሱን ምፀት ጨምሯል። ዋናው ሥዕል በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በስጦታ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ ከዚያም እንግሊዝ ገባ፤ በ1896 በኢሳቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ተገዝቶ ዛሬ በቦስተን በስሟ በተጠራው ሙዚየም ይገኛል። የሩበንስ ቅጂና የቬላስኬዝ «ፈታዮቹ» በፕራዶ ቀሩ። ምንጩ ባሕር ተሻገረ፤ የተቀዳው ውኃ በቦታው ቀረ። ስድስቱ የቲሲያን «ግጥሞች» በ2020 ለንደን ላይ ተሰባስበው በ2021 ወደ ፕራዶ ሲዘዋወሩ «ኤውሮፓ» ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በኋላ ወደ ማድሪድ ተመልሳ ነበር።

በሀገር ቤት

ለኢትዮጵያ ሠዓሊና የሥዕል መምህር ይህ ታሪክ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሩበንስ በማድሪድ ሲቀዳ በነበረበት በዚያው ምዕት ዓመት በኢትዮጵያም ታላቅ ቅጂ ይካሄድ ነበር። በ1591 ሮም ላይ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ነበረ፤ በውስጡም በአንቶኒዮ ቴምፔስታ ንድፍ የተዘጋጁ የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች ነበሩት። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደርሶ የጎንደር ዘመን ሠዓልያን በብራና ወንጌሎቻቸው ላይ እነዚያን ሥዕሎች አርአያ አድርገዋቸዋል። ከፊታቸው የነበረው ጥቁርና ነጭ መስመር ብቻ ነው። እነርሱ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሰጡት፤ ዓይኑን አጎሉት፤ የልብሱን እጥፋት በራሳቸው ሥርዓት ደረደሩት። እንስራ ስለነበራቸው የቀዱት ውኃ የእንስራውን ቅርጽ ያዘ። ከሮም የመጣውን መስመር ገልብጠው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የጎንደር ሥዕል ተብሎ የሚጠራ ነገር ባልኖረ።

የቅኔ ቤት ሥርዓትም ይህንኑ ያስተምራል። ተማሪው አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ ይቀበላል፤ ምሥጢሩን ይሰማል፤ ከዚያ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። በመጨረሻ ይዘርፋል። ቋንቋው ራሱ «ቅኔ ዘረፈ» ማለቱ ጥልቅ ነገር አለው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ግን በማኅበሩ ፊት ያፍራል። መቀበል ግዴታ፣ መድገም ነውር የሆነበት ትምህርት ቤት የቅጂን ክርክር ከፈታ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ታዲያ ለዛሬው የሥዕል ክፍል ከዚህ ምን ይወሰዳል? በመጀመሪያ፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚቀዳ ተማሪ ዋናውን ሥዕል በፊቱ አያገኝም፤ የሚያገኘው የታተመ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ አቀማመጥንና የብርሃንን አደላደል ያስተምራል፤ ንብርብርን፣ የቀለምን ውፍረትና የሸራውን ትክክለኛ ስፋት ግን ይደብቃል። መምህሩ ይህን ለተማሪው መንገር አለበት። ከፎቶግራፍ የሚቀዳ ተማሪ ንብርብሩን በትንንሽ ሸራዎች ለብቻው መሞከር ይኖርበታል፤ ቀይ በነጭ ላይ፣ ቀይ በግራጫ ላይ፣ ቀይ ከነጭ ጋር ተበጥብጦ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ተማሪ ሙሉ ሥዕል ገልብጦ ከጨረሰው የበለጠ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ከውስብስብ ሥዕል ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቅዳት አያስፈልግም። የኮርማው አንገትና የልጅቱ እጅ የሚገናኙበት አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ለአንድ የትምህርት ዓመት ይበቃል። ሦስተኛ፣ ተማሪው ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት ሥዕሉ ምን እንደሚል፣ ማን እንዳሠራው፣ ማን በውስጡ እንደሚጮኽና ማን ዝም እንደሚል በቃሉ መናገር አለበት። አራተኛ፣ ፈተናው በቅጂው ላይ አይደረግ። ቅጂው ከክፍሉ ይውጣና ተማሪው ከራሱ መንደር፣ ከራሱ ሰው፣ ከራሱ ብርሃን አንድ ሥራ ያምጣ፤ የተቀዳው ውኃ እዚያ ላይ ይታያል።

ሩበንስ በሃምሳ አንድ ዓመቱ ተማሪ መሆን አላሳፈረውም፤ ቬላስኬዝም በሥራው ጫፍ ላይ ሲደርስ አስተማሪውን በአደባባይ መጥራት አላሳነሰውም። አስተማሪ የለኝም የምትለው አራክኔ ብቻዋን ቀርታለች፤ ዛሬም ከራሷ ሆድ በሚወጣ ክር በየማዕዘኑ ድሯን ታደራለች።